መሪው ተሰበረ

ዓይነ ስውሩን የቅኔ መምህር የኔታ ወልደ ሩፋኤልን እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ሰው ያን ቀን እናቱን ሊጠይቅ ከዲማ ጉንደ ወይን ሄዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ በእሱ ቁጥር ስልክ ተደወለላቸው፤ ድምፁ ግን የማያውቁት ሰው ድምፅ ነበር። «አባቴ፣ ወደ ዲማ ስንመለስ መንገድ ላይ መሪው ተሰበረ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩ ጆሯቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «የትኛው መሪ?» አሏት አጠገባቸው የተቀመጠችውን የእህታቸውን ልጅ የብርጓልን። «የመኪናው ነው ወይስ የእኔ?»

«እኔም አልገባኝም፣ የኔታ።»

ዕድሜ ልካቸውን የግዕዝ ግስ ያስተማሩ ሰው፣ አንድ ተራ የአማርኛ ቃል ሰው ይሁን ዕቃ መለየት አቃታቸው። የመኪናው ከሆነ መኪናው ተገልብጦ ይሆናል። የእሳቸው ከሆነስ ምኑ ነው የተሰበረው? እግሩ ነው? አንገቱ ነው? የብርጓል ደጋግማ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም።

በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። «የኔታ፣ እኔ ነኝ። የሚኒባሱ መሪ ተሰብሮ ማሳ ውስጥ ገብተን ቆምን። ሁላችንም ደህና ነን። ቅድም በስልኬ የደወለልዎት ረዳቱ ነው፤ እኔ ዕቃ ሳወርድ ነበር።»

የኔታ ለዓመታት «መሪዬ» ብቻ ሲሉት የኖሩትን ሰው «ታዲዮስ» ብለው ጠሩት።

«እኔን ነው፣ የኔታ?» አለ እሱ ግራ ተጋብቶ።