ሦስት ጊዜ የተጠገነው ብዕር

አቶ ንጉሴ ብዕራቸውን ለሰው አስይዘው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባለም ብዕሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው ሱቅ ሲመጡ፣ ሰዓት ሠሪው ረዲ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ብዕሩ አልነበረም።

«ጋሽ ንጉሴ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ደኅና ነው፤ አልሐምዱሊላህ በል። ሥራ በዝቶበት ነው። ብዕሩ አልጽፍ ብሎት ነው የመጣሁት።»

ብዕሩ ባለ ፒስተን ነው። ኋላው ያለው እጀታ ሲዞር ፒስተኗ በሆዱ ውስጥ እየተሳበች ከጠርሙስ ቀለም ትመጥጣለች። አቶ ንጉሴ በዚህ ብዕር ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ሠላሳ አንድ ዓመት ማመልከቻ ጽፈዋል። ከመንገዱ ማዶ የበረከት ኮምፒውተር ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሌሎቹ ራፖር ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ወንበራቸውን አጥፈው ሄደዋል። እሳቸው የቀሩት በእጅ ጽሑፋቸው ነው። የሀብሩ ወረዳ ገበሬ፣ ዳኛ የንጉሴን ጽሑፍ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም ብሎ ያምናል። ጽሑፉ ከቀረ ወንበሩም ይቀራል፤ ይህን መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ረዲ ጫፉን ለብ ባለ ውሃ ነከረ። የፈላ ውሃ የብዕሩን ሆድ ያጣምማል። ከዚያ እጀታውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ውሃ አስገባ፣ አስወጣ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ ቀጥሎ ሰማያዊ፤ በአሥራ አንደኛው ጥርት ያለ ውሃ። የደረቀ ቀለም ነበር። ሞልቶ ሲሞክረው ብዕሩ በወረቀቱ ላይ ሳይቆራረጥ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ውባለም ተመለሱ። አሁን ወረቀትም ይዘዋል። ረዲ አየው። «ለተከበረው» የሚለው ቃል ተጀምሮ ሦስተኛው ፊደል ላይ ተቋርጧል። ከሥሩ እንደገና ተጀምሮ እንደገና ተቋርጧል።

«ቀለም ሲያጥረው እንዲህ ነው» አለ ረዲ፤ ብዕሩንም አስቀረው።

በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሲመለስ በፍርድ ቤቱ በኩል አለፈ። አቶ ንጉሴ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከውርጌሳ የመጣች ሲቲ የምትባል ሴት ቆማለች።

«ነገ እጽፍልሻለሁ የኔ ልጅ» ይሏታል። «ብዕሬ ሰዓት ሠሪው ጋ ነው።»

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር እኮ አባባ!»

በረከት ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ጮኸ። «ጋሽ ንጉሴ፣ ብዕርዎ ጾም ያዘ እንዴ? እኔ ጋ ሁሌ ፍስክ ነው!»

ሰው ሳቀ፤ አቶ ንጉሴም ሳቁ። ረዲ ሰላም ሊላቸው እጁን ሲዘረጋ የእጃቸውን አንጓ ሰጡት።

«ይቅርታ ልጄ፣ የብዕሩ ቀለም እስካሁን አልለቀቀኝም።»

አንጓ የሚዘረጋ ሰው እጁ ወይ ረጥቧል ወይ ቆሽሿል። እንዲህ ላለው ሰው አንጓውን ጨብጦ ማለፍ ነው፤ መዳፉን ገልብጦ ማየት ነውር ነው። ረዲ የሸሚዙን ነጭ እጅጌ ጨብጦ ተለየ። ወደ ሱቁ ሲገባ ግን ደስ ብሎት ነበር። ብዕሩ ያፈሳል ማለት ነው።

ፈታው። የሚያፈስ ብዕር ከፒስተኗ ኋላ ቀለም ይገኝበታል። ይህ ኋላው ደረቅ ነው። የፒስተኗ ጎማም አልላላም። በመርፌ ጫፍ ትንሽ ቅባት በውስጥ ግድግዳው ላይ ቀብቶ ገጠመው። ቀለም ሞልቶ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ በሶፍት ላይ አቆመው። እስከ ማግሥቱ አንድ ጠብታ አልወጣም። ምን እንደጠገነ ሳያውቅ መለሰላቸው።

ማክሰኞ ወይዘሮ ውባለም ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ዓይኑን ሳያዩ «አሁንስ የሚድን አይመስለኝም» አሉ።

በእርግጥም እጀታው ድንጋይ ሆኖ ነበር። ረዲ በግድ ፈታው። የወጣው ቀለም ወፍራም ነው። ጥቂቱን በሶፍት ላይ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ተመለከተ። ግራጫ ነገር አለበት። በጣቶቹ መካከል አሸው፤ አነፈነፈው። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ሲያጥብ ቆየ። ወይዘሮ ውባለምም በርጩማው ላይ ተቀምጠው ለሁለት ሰዓት ሲያዩት ቆዩ።

«እትዬ ውባለም» አለ በመጨረሻ፤ «ይህ የምድጃ አመድ ነው።»

ወይዘሮ ውባለም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ቀለም አመድ አይወልድም። ወልድያ ልጅዎ ጋ መግባት እንደሚፈልጉ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ አያገባኝም። ግን የባልን እንጀራ አመድ ማልበስ ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ጎበዝ ሆንክብኝ።»

ረዲ ይህን እንደ ስድብም እንደ ምስጋናም ሊወስደው አልቻለም። ብዕሩን ጠርጎ በደረት ኪሱ ሰካው።

«አሁን እንደ አዲስ ነው። እርስዎ አይነኩትም። እኔው ዛሬ ወስጄ ደንበኛ ባለበት አስጽፋቸዋለሁ፤ ብዕሩ ምንም እንከን እንደሌለበት አገር ይይ።»

ወይዘሮ ውባለም ከበርጩማው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ኮቱን ያዙ።

«በአላህ ይዤሃለሁ ረዲ፣ እጁ ሞተ ከሚባል ብዕሩ ሞተ ይባልለት፤ ስበርልኝ።»