የጌታ ሪማቺ ፈቃድ

በኩስኮ ከተማ እንደ ጌታ ሪማቺ ያለ ሰነፍ ታይቶ አይታወቅም። ወደ አደባባይ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ እንኳ እጁን አያነሳም፤ ለዚህ ሥራ ሁለት ሴቶች ተመድበውለታል።

ሹመቱን ለልጁ ካስረከበ ቆይቷል። ርስቱን ግን አንዲት ትልም አልለቀቀም። ልጁ የራሱን መሬት ፍለጋ ከጦር ሜዳ ጦር ሜዳ ሲንከራተት ሸበተ፤ አባትየው ግን የሸለቆውን ምርጥ የበቆሎ እርሻ ይዞ ተጎልቷል።

ዘመድ አዝማዱ ይህን ጌታ ከብቦ ይበላል። ሪማቺ የቀረበለትን ምግብ በማየት ብቻ የሚጠግብ ጨዋ ነው። ዘመዶቹ አይተው የሚጠግቡ ዓይነት አይደሉም።

ኩራቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ለተራ ሰው ድምፁን አያሰማም። የሚናገርለት ፓውካር የሚባል ወፍራም ዘመዱ ነው፤ ጆሮውን ወደ ጌታው ጠጋ ያደርግና ያሻውን ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቀን አስቶ የሚባል የጦር አለቃ ከሰሜን ዘመቻ አንድ ጆሮውን አጥቶ ተመለሰ። ቺምፑን ሊያገባ ቃል የገባላት ከመዝመቱ በፊት ነው። ቺምፑ የሪማቺ ቤት ሸማኔ ናት። እሷ የሠራችውን ልብስ የሚለብሰው ፓውካር ነው። የቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ያለ ጌታው ቃል አትዳርም።

አስቶ እንደ ወጉ ጫማውን አውልቆ፣ ጀርባው ላይ ሸክም ቢጤ አዝሎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ።

“ጌታዬ፣ ቺምፑን ይስጡኝ” አለ። “ለዚህ አገር ጆሮዬን ሰጥቻለሁ።”

ሪማቺ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ እንደተቀመጠ ቀና ብሎም አላየው። ፓውካር ጠጋ ብሎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

“ጌታው እንቢ ብለዋል።”

“ምነው? ምን አጠፋሁ?”

ፓውካር እንደገና ጆሮውን ደቀነ። “ራሴው አገባታለሁ ብለዋል።”

ጥግ ላይ የቆመችው ቺምፑ ፊቷ አመድ መሰለ። “ጌታዬ፣ ይኸው ቤቱ በሚስት ተሞልቶ የለም እንዴ?”

“ዝም በይ አንቺ! ዕድለኛ ነሽ” አለ ፓውካር። “ቀን ትሸምኛለሽ፣ ሲመሽ ዝንብ ታባርሪያለሽ። ጌታው አይቆጡ፣ አይማቱ። ከዚህ የተሻለ ባል ከየት ታገኛለሽ?”

“ልጅስ? ልጅ አልወልድም?”

ፓውካር እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በበዓሉ ቀን መኳንንቱ አደባባዩ ላይ በየማዕረጋቸው ተደረደሩ። የሪማቺ ስፍራ ከፊት ነው። አዲሷ ሙሽራ የላባ ማራገቢያ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። አስቶ ጫፉ ድንጋይ የሆነ የጦር ዱላውን አንስቶ ከቤት ሲወጣ እናቱ እግሩ ላይ ተደፋች።

“ልጄ፣ እሱን ነክተህ ዘራችንን ልታስፈጅ ነው?”

“ልቀቂኝ እማዬ። ያለሷ ምን ዘር አለኝ?”

ሕዝቡን በትከሻው እየገፋ አለፈ። ጠላ የሚቀዱት ማሰሯቸውን ጥለው ሸሹ። ፓውካርም ያ ሁሉ ሥጋው ሳይከብደው ከመኳንንቱ ጀርባ ተወሸቀ።

ሪማቺ አልሸሸም። አንገቱንም አላዞረም። ይህን ያህል ነው ንቀቱ።

አስቶ ዱላውን አነሳ። ቺምፑ ዓይኗን ጨፈነች፤ ተስፋ እንጂ ፍርሃት አልነበረም ፊቷ ላይ። ዱላው አየር ላይ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ባዶ መሬት ላይ ወደቀ። አስቶ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የጦር ጓዱ ኪሶ ክንዱን ይዞ ጎተተው። “ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ሰሜን ላይ ስንቱን የጣልክ ሰው!”

“እነዚያማ በሕይወት ነበሩ” አለ አስቶ፤ “እኔ ሳልወለድ ሞቶ የደረቀን ሰው እንዴት አድርጌ ልግደለው?”