አዲስ እግር

ዝሆን መምጣቱን እንዲያሳውቅ መሬት ውስጥ የተቀበረው መሣሪያ የሰውን ኮቴ ከዝሆን እንዳያምታታ፣ ባቢሌ ውስጥ ዝሆን ሲቃረብ ማንም ካለበት አይንቀሳቀስም። ዛሬም ዝሆኖች ስለቀረቡ ነፊሳ በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ተቀምጣ፣ መሣሪያው የሰማውን እግር ሁሉ የሚጽፈውን ሰሌዳ ፊደል በፊደል ታነባለች።

«የነፊሳ ቤት፤ አዲስ እግር፤ አንድ እርምጃ።»

ደነገጠች። ቤት ያሉት አልጋ የያዙት አማቷና ገና የሚድኸው ልጇ ብቻ ናቸው።

«መምህር፣ ልጄ መራመድ ጀመረ መሰለኝ። ልሂድ።»

«ይቀመጡ እትዬ ነፊሳ፤ ዝሆኖቹ ይለፉ።»

«ቢወድቅ ማን ይይዘዋል?»

«ያንብቡ፤ ሰሌዳው ይነግርዎታል።»

ነፊሳ ተቁነጠነጠች። እግሯ ይዟት እንዳይሮጥ ወንበሩ ላይ አጣጥፋ አወጣችው።

«ሁለት እርምጃ» አለ ሰሌዳው። ቆይቶ ደግሞ «ሦስት።»

ነፊሳ ሳይታወቃት ሁለት እጇን ወደ ሰሌዳው ዘረጋች።