ግራጫው ዓለም

ወልድያ መብራትና ስልክ ካጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ጥይት አንኳኩቶ አይገባምና አዜብና ወንድሟ ፍፁም ቀኑን ሙሉ ቤት ዘግተው ዳይስ ይጥላሉ። ፍፁም በቀን መቁጠሪያ ጀርባ የጨዋታው ጠጠሮች የሚሄዱባቸውን ዓለማት ስሏል፦ የእኛ መሀል ላይ፣ የእሳቱና የውኃው ዙሪያውን፣ ግራጫው ከሁሉም ዳር።

ዛሬ የሁለቱም ጠጠር ግራጫው ላይ አረፈ።

"እዚያ የገባ ሁሉንም ያያል፤ እሱን ግን የሚያየው የለም" አለ ፍፁም እየሳቀ።

እናታቸው ከግቢ ተጣራች። "አዜብ!"

"አቤት እማዬ!"

"አዜብ! ፍፁም!"

"አቤት አልንሽ እኮ!"

በሩ ተከፈተ። የእናታቸው ዓይን በአዜብ ፊት ላይ አልፎ ባዶው ግድግዳ ላይ ቆመ።

"እዚህም የሉም" አለቻት ከኋላዋ ለቆመችው ጎረቤት፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

አዜብ ጠጠሯን ወደ መሀል ልትመልስ እጇን ስትዘረጋ፣ በሩ ከውጭ ሲቆለፍ ሰማች።