አብረን የጀመርነው ክኒን

የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የኮከቡን ሦስተኛ ጫፍ እየቆረጥኩ ሳለ ደስታነሽ ከጎኔ ጎንበስ ብላ፣ «እታፈራሁ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ።

«አይታይሽም? ኮከብ ነዋ!»

«ኮከብነቱማ ይታየኛል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ስፌት ክፍል ውስጥ ነን። ለአብዮት በዓል በቀበሌው በር ላይ በሚሰቀለው ነጭ ጨርቅ ላይ ትልቅ ቀይ ኮከብ የምሰፋው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ደስታነሽ እጇን ልታወጣ ስትል ቀድሜያት አወጣሁ፣ ተሰጠኝ።

ከእሷ ጋር አብረን ነው የታመምነው። የሳንባ በሽታ ነው ተብለን ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ባንድ ቀን መርፌ ጀመርን፣ ከዚያ ክኒኑን። ያው ክኒን፣ ያው የጤና ጣቢያ ድሬሰር። ያኔ የከተማችን ሐይቅ ነፋስ ይጥላታል ብዬ የምሰጋላት ሴት ዛሬ ጉንጯ ሞልቷል፣ ቀሚሷ ጠቧታል። እኔን ደግሞ ሳሉ ለቀቀኝና ሌላ ጣጣ ያዘኝ። መጀመሪያ እግሬን ያነደኝ ጀመር፣ ብርድ ልብስ እንኳ ሲነካኝ አልችልም። ቀጥሎ ማቃጠሉም ቀረና ደነዘዘ። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ ሳላውቅ ባንድ ጫማ ቤት ገባሁ። ባሌ ተፈራ ሳቀ። ጫማዬን ሊፈልግልኝ ወጣና ባዶ እጁን ተመልሶ፣ «ደስታነሽን አገኘኋት፤ ክኒኑ እንዴት ተስማምቷታል እባክሽ!» አለኝ። ወይ ነዶ! ጫማ ፈልግ ሲሉት የሰው ሚስት ጉንጭ አይቶ ይመጣል።

ከዚያ ዓይኔ ተከተለ። ቀይና አረንጓዴ ሁለቱም የጭቃ ውሃ እየመሰሉኝ መጡ። ለድሬሰሩ መናገር እንዳለብኝ አላጣሁትም። ግን ክኒኑን አቋርጦ እንደ አዲስ ጀምሪ ቢለኝስ? ደስታነሽ ድና፣ ጨርሳ፣ እኔ ያንን አግዳሚ ወንበር ለብቻዬ ላሞቀው? ምን ቆርጦኝ! ዛሬም ቅርጫቱ ውስጥ ለባንዲራ የመጣው ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ተደራርቦ ሳገኘው፣ እሷን ከምጠይቅ ዓይኔ ይጥፋ ብዬ አንዱን መዘዝኩ።

«አረንጓዴ ነው» አለች ደስታነሽ በጆሮዬ።

«ቀልድሽን ተይ።»

«በጌታ ስም፣ አረንጓዴ ነው!»

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ብርቅዬ ከወንበሯ ተነሥታ ወደኛ መምጣት ጀመረች። በቀበሌ በር ላይ አረንጓዴ ኮከብ ልትሰቅል የነበረች ሴት «ዓይኔን አሞኝ ነው» ብትል ማን ያምናታል? ደስታነሽ ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ እንደ መሐረብ ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችው።

«ኮከቡስ?» አለች ጓድ ብርቅዬ።

«ጨርቁ ተጨማዶ ነው ጓድ፣ ልንተኩሰው ነው» አለች ደስታነሽ በኔ ፈንታ።

ጓድ ብርቅዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አይታ አለፈች።

«መቼ ጀመረሽ?» አለችኝ ደስታነሽ።

«ምኑ?»

«ቀለም መሳት። እኔን ፋሲካ ሰሞን ነው የያዘኝ። የበሰለ ቲማቲም ካልበሰለው አልለይ ብዬ ገበያ ላይ ሳቁብኝ። ለድሬሰሩ ስነግረው አንዱን ክኒን አስቀርቶ ሌላውን ቀጥዪ አለኝ። ቀስ እያለ ተመለሰልኝ። ለእግሬም ቫይታሚን ሰጠኝ።»

«እግርሽንም?»

«እግሬንም።»

«እንደ አዲስ ጀምሪ አላለሽም?»

«ለምን ይለኛል?»

አንጀቴ ቅጥል አለ። «እያወቅሽ እኔን ዝም አልሽኝ!»

ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች። «አንቺ ደህና መስለሽኝ ነበራ! አንድ ቀን አመመኝ ብለሽ ታውቂያለሽ? ያው ክኒን እሷን ሳይነካ እኔን ብቻ ለምን ያጠፋኛል እያልኩ ስቀናብሽ ነው የከረምኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

በኔ! ባንድ ጫማ ቤት በምትገባው! ልስቅም ልመታትም አማረኝ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ዝም ማለቷ አልነበረም። ለድሬሰሩ በጊዜ መናገሯ ነው። የሷ ዓይን ተመልሷል። የኔ ይመለስ አይመለስ ማን ያውቃል? ባንድ ቀን ጀምረን በዚህም ቀደመችኝ።

«ተነሺ፣ ድሬሰሩ ከመውጣቱ በፊት እንድረስ» አለችኝ። «ቀዩን እኔ እቆርጠዋለሁ።»

ጫማ እግሬ ላይ ኖረ አልኖረ ስለማላውቅ፣ የስፌት መኪናውን በባዶ እግር መርገጥ ለምጃለሁ። ከፔዳሉ ላይ እግሬን አንሥቼ መሬት ላሳርፈው ስል ደስታነሽ ጮኸች።

«አትርገጪ! ቆይ!»

ተንበርክካ እግሬን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የተሰበረ የመኪና መርፌ ተረከዜ ውስጥ እስከ ግማሹ ገብቷል። መቼ እንደገባ እንጃ። በሁለት ጣቷ ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ሳበችው። ዓይኗን ጨፈነች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተሰበሰበ፣ «እፍፍ!» አለች።

እኔ ቁጭ ብዬ ፊቷን አያለሁ። ያመማት እሷን ነው። በሱም ቀናሁባት።