የሞላው አዳራሽ

ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ስትዘፍን የሄዱበት መድረክ ሁሉ በሰው ይጨናነቅ ነበር። "ለብቻዬ ልሞክረው" ብላ ስትወጣ ሦስቱም አኮረፏት። አልበሟን ያለ አሳታሚ ራሷ ሠራችው፤ የሰማላት ግን ጥቂት ሰው ነው።

በመጀመሪያው ኮንሰርቷ ዕለት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ፒያኖ ተጫዋቹና ጥበቃው ብቻ ናቸው። ለባዶ ወንበር መዝፈን ጀመረች።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ በሩ ተከፈተና ፍሬገነት ገባች። ከጓደኞቿ ሁሉ ክፉኛ የተቀየመቻት እሷ ነበረች። ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሏት። ከዚያ ጎረቤቶቿ፣ ዘመዶቿ፣ የሰፈሯ ሽማግሌዎች ተራ በተራ ገብተው ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። በጥሞና እየሰሙኝ ነው ብላ በደስታ እንባ እንባ አላት። እንደዚያን ቀን አድርጋ ዘፍና አታውቅም።

እንደጨረሰች ሮጣ ወረደችና ፍሬገነትን አቀፈቻት።

"ታረቅሽኝ ማለት ነው?"

"አዎ" አለች ፍሬገነት፣ ከእቅፏ ሳትለቃት። "እስክትጨርሺ ብለን ነው የጠበቅነው።"

በፍሬገነት ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ አጎቷ ቆመዋል። ከደሴ ድረስ መምጣታቸው ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎም መጡልኝ? እማዬንስ ይዘዋት መጡ?"

 አጎቷ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ቀስ ብለው ዘቅዝቀው ለበሱት።