የሚንቀሳቀሰው

ታዴዎስ ሰሚት ዲና ቤት ድረስ የመጣው ለምናው ነው። የሟች ወንድሟ የቃልአብ ጥናት ተጀምሮ እንዳይቀር ብላ። በቃልአብ ላፕቶፕ ላይ የፕሮቲን ቅርጾችን እያነባበረ የሚያነጻጽረውን ሶፍትዌር ጭኖ ጨረሰ።

ታዴዎስና ቃልአብ የሚያጠኗቸውን ሁለት ፕሮቲኖች በራሳቸው በጓደኛሞቹ ስም ነበር የሚጠሩት። ሶፍትዌሩ የትኛው ቅርጽ ባለበት እንደሚቆይ፣ የትኛው እየዞረ እሱን እንደሚመስል ሲጠይቀው ታዴዎስ ሳያስበው ጮክ ብሎ መረጠ።

«የማይንቀሳቀሰው፣ ቃልአብ። የሚንቀሳቀሰው፣ ታዴዎስ።» ከዚያ ደነገጠ። «ይቅርታ ዲናዬ፣ የድሮ ቀልዳችን ነው።»

«ምንም አይደል፣ ቀጥል።»

ቃልአብን አያት ኮንዶሚኒየም ጀርባ ቀጥቅጠው ነበር የጣሉት። አስከሬኑን የለየችው ዲና ናት። ቀኝ ክንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ፊቱ ወደ ጀርባው ዞሮ ነበር።

ታዴዎስ «አነባብር» የሚለውን ተጫነ። ታዴዎስ የተባለው ቀዩ ቅርጽ ቃልአብ የተባለው ሰማያዊው ላይ ሊገጥም ቀስ እያለ ይዞር ጀመር። የታዴዎስ ቀኝ ክንድም ከማውሱ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ተቆለመመና ቋ ብሎ ተሰበረ።

«ዝጊው! ዲና፣ ዝጊው!»

ላፕቶፑን አንስታ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠችው። ስክሪኑ ተሰባብሮ ጠፋ።

«ጌታ ይመስገን» አለ ታዴዎስ እያለከለከ። ፊቱ ግን ቀስ እያለ ወደ ጀርባው ይዞር ነበር።